ሁለተኛው መስታወት

ቤተሰቤ «ለምን» እያለ ነው የሚጠራኝ። መጀመሪያ ስድብ ነበር፣ ውሎ አድሮ ስም ሆነ። በልጅነቴ እናቴ «እጅሽን ታጠቢ» ስትለኝ «ለምን?»፣ «ተኚ» ስትለኝ «ለምን?»፣ «ዝም በይ» ስትለኝ ደግሞ ከሁሉ አጥብቄ «ለምን?» እል ነበር አሉ። አባቴ መልስ ሲያልቅበት ይስቃል፤ እናቴ መልስ ሲያልቅባት ትቆነጥጣለች። ቁንጥጫ ቆዳ ያቀላል እንጂ ጥያቄ አይመልስም፤ ስለዚህ የተቆነጠጥኩበትን እያሸሁ እንደገና እጠይቅ ነበር።

ዛሬ መኪና መንዳት አስተምራለሁ። ለዚህ ጠባዬ የተፈጠረ ሥራ ነው። ተለማማጁ ፍሬን ሲይዝ «ለምን ያዝክ?» እለዋለሁ። «እንዲሁ» ካለኝ ዳር አስይዤ ሞተሩን አስጠፋዋለሁ። ትክክለኛ ቦታ ላይ እንዲሁ ያቆመ ሰው፣ ነገ መስቀለኛ መንገድ መሃልም እንዲሁ ያቆማል። አንዳንዶቹ ይጠሉኛል። ይጥሉኝ፣ ብቻ አይጋጩ።

ታናሽ እህቴ ደግሞ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ግራኝ ናት። የተለመደው መቀስ የተሠራው ለቀኝ እጅ ነው፤ በግራ ሲይዙት ፀጉሩን ያጥፈዋል እንጂ አይቆርጠውም። ለግራኝ ተብሎ የተሠራ መቀስ እስክታገኝ ድረስ እህቴ ስንት ቦታ «ይቺ ልጅ እጅ የላትም» ተብላለች። መቀሱ ከተገኘ በኋላ ግን ደንበኞች እሷን ብለው መምጣት ጀመሩ። ማታ ማታ እያጸዳች በጨርቅ ትጠቀልለዋለች፤ ማንም እንዲነካባት አትወድም።

አንድ ቀን ምሳ ልበላ ቤት እንደገባሁ እህቴ ያለሰዓቷ መጣች። እናታችን በሩ ላይ ገና ስታያት «አመመሽ እንዴ?» አለች። እህቴ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና ሁለት እጆቿን ጭኖቿ ስር ከተተቻቸው። ሌባ እንደተባለች፣ ከሥራ እንደተባረረች፣ መቀሷንም እንደያዙባት የነገረችን መሬት መሬቱን እያየች ነው።

ፀጉር ቤቱ ረጅም አንድ ክፍል ነው። ፊተኛው ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር መስታወት ነው፤ ከመስታወቱ ስር መደርደሪያ፣ ከመደርደሪያው ፊት ወንበሮች አሉ። መሃል ላይ ወፍራም ምሰሶ ስለቆመ የመጨረሻው ወንበር ከሌሎቹ ተከልሏል። በቅርቡ ደግሞ የፀጉር ቤቱ ባለቤት ከወንበሮቹ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ ሁለተኛ መስታወት አስገጠመች፤ ደንበኞች ማጅራታቸውን ጭምር እንዲያዩ ብላ። በዚያ መስታወት የማትመካበት ቀን የለም።

በዚያ ቀን አንዲት ደንበኛ እጇን ክሬም ልትቀባ የወርቅ ቀለበቷን አውልቃ በመጨረሻው ወንበር በኩል መደርደሪያው ላይ አኖረችው። ከዚያ ካስክ ውስጥ ገባች፤ ራስ ላይ የሚደፋውን ትልቁን ማድረቂያ ማለቴ ነው። ሙቀቱ እንቅልፍ ወሰዳት። ስትነቃ ቀለበቱን ውሃ በልቶታል።

የፀጉር ቤቱ ባለቤት «እኔ አይቻለሁ» አለች። ከምሰሶው ወዲህ የሰው ፀጉር እየሠራች ቀና ስትል፣ ከሠራተኞቿ አንዷ ከመደርደሪያው ላይ ትንሽ ነገር ስታነሳ በመስታወቱ ውስጥ አይታለች። ያኔ የፀጉር ማስያዣ መስሏት ነበር። ሠራተኞቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ግራጫ ጋውን ይለብሳሉ፣ አንድ ዓይነት ሻሽ ያስራሉ፤ ስለዚህ ማን እንደሆነች አለየቻትም። እጇን ግን ለይታለች፤ ግራ እጅ ነው። ከጎኗ ስትሠራ የነበረችው አንጋፋዋ ፀጉር ሠሪ፣ ጥቅልል የሚሏት፣ «እኔም አይቻለሁ፤ ግራ ነው» አለች። በዚያ ቤት ግራኝ አንዲት ናት።

የእህቴን ቦርሳ ገለበጡት፣ ኪሷን ፈተሹት፣ ጫማዋን አስወለቋት። ምንም የለም። አለመገኘቱን ደግሞ የብልጠቷ ማስረጃ አደረጉት። ሲያገኙ ሌባ፣ ሲያጡ የለየለት ሌባ፤ እንዲህ ካለ ፍርድ ማን ያመልጣል? ባለቤቷ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትላት አባባል አለቻት፤ ያን ቀንም አልቀረችባትም። ከዚያ መቀሱን መሳቢያ ውስጥ ቆልፋ፣ እህቴ ጥፋቷን አምና ይቅርታ ከጠየቀች ከቀለበቱ ባለቤት ጋር ያለውን ነገር ራሷ እንደምትጨርሰው፣ ፖሊስ እንደማትጠራ፣ ሥራዋም እንደማይቀርባት ነግራ ሰደደቻት። እህቴ ጫማዋን ስታደርግ ጎንበስ ብላ የረዳቻት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ፀጉር አጣቢዋ። ባሏ የሞተባት፣ ድምጿ የማይሰማ፣ ጠዋት ገብታ ማታ ድረስ እጇ ከውሃ የማይወጣ ትልቅ ሴት ናት።

እናቴ ሰምታ ስትጨርስ «የኔ ልጅ አትሰርቅም። አለቀ» አለች።

የሌባም እናት ልክ እንደዚሁ እንደምትል ነገርኳት። የያዘችውን የሳህን ጨርቅ ወረወረችብኝ፣ ትከሻዬን አገኘኝ። ጨርቁን አንስቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና ወደ እህቴ ዞርኩ።

«ወስደሽዋል?» አልኳት።

ያን ጊዜ ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም።

«እማዬ አልጠየቀችኝም።»

«እኔ ጠየቅኩሽ።»

«አልወሰድኩም።»

«እሺ። አሁን እሱን እናረጋግጣለን።»

«ቃሌ አይበቃሽም?»

አይበቃኝም ነበር፤ ይህን ለመናገር አላፍርም። እህቴን ከራሴ አብልጬ እወዳታለሁ። ፍቅሬ ግን ስለ ቀለበቱ የሚያውቀው ነገር የለም፤ እዚያ አልነበረማ። የእናቴም እምነት እዚያ አልነበረም። ባለቤቷ «አይቻለሁ» ትላለች፣ እናቴ «አምናለሁ» ትላለች፤ ያቺ ዓይኗን ይዛ፣ ይቺ ሆዷን ይዛ ሲፋጠጡ እህቴ መሃል ላይ ትቀራለች። እኔ የፈለግኩት ባለቤቷ ራሷ እምቢ ልትለው የማትችለውን ነገር ነው። እናቴ «ተዪው፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለችኝ። ንጋት ማንም ሳይጠራው ይመጣል። እውነት ግን ካልጎተቱት በተኛበት ይከርማል፤ እንደተኛ የቀረ ስንት እውነት አለ።

ይህን ሁሉ ስል ግን በእጄ ምንም አልነበረም። በማግስቱ እያስተማርኩ ሳለሁ እንኳ ሐሳቤ ፀጉር ቤቱ ነበር፤ አንድ ተለማማጅ ኋላ ማርሽ አስገብቶ ከአጥር ሊያላትመኝ ሲል ነው የባነንኩት። «ለምን ስፖኪዮውን አላየህም?» ብዬ ጮህኩበት። አይቻለሁ አለኝ። አይቶማ ነበር። ያየውን ነገር ግን ምን እንደሆነ አላሰበበትም። ያቺ ነገር ከነከነችኝና ቤት እስክገባ አብራኝ መጣች።

ቤት ስደርስ እህቴ ምሳዋን በቀኝ እጇ ስትበላ አገኘኋት። ዕድሜ ልኳን በግራዋ ነው የምትበላው። ማንኪያው ይንቀጠቀጣል፣ ሾርባው ቀሚሷ ላይ ይንጠባጠባል፣ ግራ እጇን ደግሞ ጠረጴዛው ስር ደብቃዋለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እህቴን ግን እጇ ባዳ ሆኖባታል።

ነገ ሄዳ ይቅርታ ልትጠይቅ እንደወሰነች ነገረችኝ። ሁለት ሰው አብሮ እንዴት ይሳሳታል አለች። ምናልባት ማበጠሪያ ሳነሳ ሳይታወቀኝ ቀለበቱ እጄ ላይ ተጣብቆ፣ የሆነ ቦታ ወድቆ ይሆናል አለች። ሌሊቱን ስታስበው ያደረገችው መስሎ ይታያት ጀምሯል። እናቴ ከአጠገቧ ሆና ፀጉሯን እያሻሸች «አላደረግሽም፣ እኔ አውቅሻለሁ» ትላታለች። እህቴ ግን አልሰማቻትም። ብታደርገውም እናቴ «አላደረግሽም» እንደምትላት ታውቃለቻ፤ ሊያጽናናት የተነገራት ቃል የማያጽናናት ለዚህ ነበር።

ደሜ ፈላ። በባለቤቷም፣ በእህቴም፣ በዚያች ማንኪያም ጭምር። ወንበር ስቤ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩና ነገሩን ከሥሩ አስጀመርኳት።

«ቀለበቱን ያነሳችውን ሴት ፊቷን አይተዋል?»

«አላዩም። ጀርባዋን ነው ያዩት። ባለቤቷ ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብላ ነው የማለችው፤ የሻሿን ቋጠሮ ከኋላ አይቻለሁ አለች።»

«በመስታወት ነው ያዩት?»

«በመስታወት። ምሰሶው ይከልላል አልኩሽ እኮ።»

«መደርደሪያው ከፊተኛው መስታወት ስር ነው ያለው?»

«አዎ።»

«ከመደርደሪያው ላይ ዕቃ የሚያነሳ ሰው ፊቱ ወዴት ነው?»

«ወደ መስታወቱ ነዋ።»

«ፊቱን ወደ መስታወት ያዞረን ሰው መስታወቱ ምኑን ያሳየዋል?»

እህቴ ማንኪያዋን እንደያዘች ቀረች። ቀኑን ሙሉ መስታወት ፊት የምትውል ሰው ናት፤ እንዲህ ብሎ የጠየቃት ግን አልነበረም።

«ፊቱን» አለች ቀስ ብላ።

እነሱ ደግሞ ጀርባዋን ነው ያዩት፤ ምለውበታል። ፊተኛው መስታወት ብቻውን ይህን ሊያሳያቸው አይችልም። ስለዚህ ያዩት በአዲሱ መስታወት በኩል ነው። የኋለኛው መስታወት ጀርባዋን ተቀብሎ ለፊተኛው አቀበለ፣ ፊተኛው ደግሞ ለዓይናቸው። ቀለበቱን ያነሳችውን ሴት ያዩዋት በሁለት መስታወት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው። አንድ መስታወት ቀኝን ግራ፣ ግራን ቀኝ ያስመስላል። ይህን ማንም ያውቀዋል፤ ፀጉር ሠሪ ግን ከማወቅ አልፋ ለምዳዋለች። ሰውን በመስታወት እያየች ስለምትውል በመስታወቱ ውስጥ ቀኝ የመሰላትን ሳታስብበት ግራ ትለዋለች። በአንድ መስታወት ሁልጊዜም ልክ ናት። ሁለተኛ ሲጨመር ግን የተገለበጠው ተመልሶ ይገለበጣል። ሹራብ አንዴ ሲገለብጡት ውስጡ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ደግመው ሲገለብጡት ወደነበረበት ይመለሳል፤ እንደዚያ ነው። በሁለት መስታወት የታየ ቀኝ እጅ ቀኝ እጅ ሆኖ ይታያል። ባለቤቷና ጥቅልል ያዩት ቀኝ እጅ ነው። እሱን እንደልማዳቸው ገለበጡትና ግራ አደረጉት። ከመንገድ የገባ ሰው ይህን ስህተት አይሳሳትም፤ መስታወት ፊት ያረጀ ባለሙያ ብቻ ነው የሚሳሳተው።

እህቴ ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አኖረች።

«ሄደሽ ሞክረሽዋል?» አለችኝ።

«አልሞከርኩም።»

«ታዲያ እንዴት አወቅሽ?»

«ክብ ጠረጴዛ ማዕዘን እንደሌለው ለማወቅ ዙሪያውን መዳበስ አለብኝ?»

እናቴ ወጥ ቤት ገብታ ነበር፤ ከዚያ ሆና ልጇ እንዳልሰረቀች ትናንት ተናግራ እንደነበር አስታወሰችን። ብላለች፤ አልካድኩም። እንዴት እንዳወቀች ብጠይቃት ግን መልሷ እንደ ድሮው ቁንጥጫ ነው የሚሆነው። ስለዚህ አልጠየቅኳትም፣ ሳህኑን አነሳሁላት።

በማግስቱ ጠዋት በማስተማሪያው መኪና ሄድን። እህቴ የተቀመጠችው የኔ ወንበር ላይ ነው፤ አስተማሪው በሚቀመጥበት በኩል ተጨማሪ ፍሬን አለ። ፀጉር ቤቱ ጋ ልንደርስ ስንል መኪናው በድንገት ቀጥ አለ። እህቴ ፍሬኑን ረግጣዋለች። ከኋላ ያለው ታክሲ ጡሩንባውን ለቀቀብን።

«ለምን ያዝሽ?» አልኳት፤ ልማድ ነው።

«ፈርቼ።» እግሯን ከፍሬኑ ሳታነሳ፣ «ሒሳብሽ ግራ ሆኖ ቢመጣ ኖሮ ትነግሪኝ ነበር?» አለችኝ።

«እነግርሽ ነበር።»

«ወስደሽዋል ትይኝ ነበር?»

«ግራ እጅ ነው ያነሳው እልሽ ነበር። ከዚያም መጥቼ አብሬሽ እቆም ነበር። ግን እነግርሽ ነበር።»

እግሯን ከፍሬኑ ላይ አነሳች። ግራ እጇንም ከኪሷ አውጥታ ጉልበቷ ላይ አሳረፈችው፤ ትናንት ሙሉ ቀን ያላየሁት እጅ ነው። ሌሊቱን ተኝታ ማደሯን የነገረችኝ ያኔ ነው። የኔ «አልወሰድሽም» ከእናቴ «አልወሰድሽም» የሚለየው በምን እንደሆነ ገብቷታል፤ እኔ «ወስደሻል» ማለትም የምችል ሰው ነኝ።

ቤቱ በደንበኛ ተሞልቶ ነበር። ባለቤቷን ፊት ለፊት ሳገኛት አንቱ እላታለሁ፤ ዘወር ስትል አልጨነቅበትም። እህቴን ስታይ ፊቷ ፈካ፤ ለይቅርታ የመጣች መስሏት «ጎሽ፣ ልብ ገዛሽ» አለቻት። እኔ ግን የመጣነው ለመቀሱ እንደሆነ፣ ከዚያ በፊት ያዩትን ነገር ሁለቱም እንዲነግሩኝ እንደምፈልግ ተናገርኩ። ባለቤቷ «ዓይኔን ግንባር …» ብላ ጀመረች።

«አይማሉ» አልኳት። «መሐላ ዓይንዎን አያጠራውም። ያዩትን ብቻ ይንገሩኝ። ፊቷን ነው ጀርባዋን?»

«ጀርባዋን አልኩ እኮ! ሻሿን ከነቋጠሮው!»

ጥቅልልም ጀርባዋን አለች። ከመጨረሻው ወንበር በቀር በየወንበሩ ያሉት ደንበኞች ሁሉ ይሰማሉ፤ እንዲሰሙ ነው የፈለግኩት። ከመስቀያው ላይ አንድ ጋውን አነሳሁና ለበስኩ፣ ሻሽም አሰርኩ። ባለቤቷና ጥቅልል በዚያ ቀን በነበሩበት ቦታ እንዲቆሙና መስታወቱን ብቻ እንዲያዩ ለመንኳቸው። ጥቅልል ምን ጉድ ነው ብላ ተንጠራራች። እኔ ከምሰሶው ወዲያ ሄድኩ። እዚያ ፀጉሯን ቀለም የተቀባች አንዲት ወፍራም ሴትዮ ተቀምጣለች፤ ይቅርታ ብያት አጠገቧ መደርደሪያው ፊት ቆምኩና አንድ ማበጠሪያ አነሳሁ።

«በየትኛው እጄ ነው ያነሳሁት?»

«በግራ» አለች ባለቤቷ፣ ሳታስብ።

«በግራ» አለች ጥቅልል።

ማበጠሪያውን እንደያዝኩ ከምሰሶው ጀርባ ወጣሁ። በቀኝ እጄ ነበር። እህቴ በሩ አጠገብ ቆማ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ባለቤቷ ቀይረሽዋል አለችኝ። ቀለም የተቀባችው ሴትዮ አንገቷን በምሰሶው ጎን አውጥታ፣ እሷ አጠገቤ እንደነበረች፣ በቀኜ እንዳነሳሁት በዓይኗ በብረቱ እንዳየች ተናገረች። ሁለቱ ካሉበት አጠገብ የተቀመጠች ደንበኛ ደግሞ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እኔም ከዚህ ሆኜ ቀኝ ነበር የመሰለኝ» አለች። «ግን እነሱ ባለሙያ ናቸው ብዬ ዝም አልኩ።»

እንደዚህች ሴትዮ ያየውን ውጦ ዝም ያለ ሰው ነው ዓለምን የሞላት። ልቆጣት ፈልጌ ተውኩት፤ ቢያንስ ቆይታም ቢሆን ተናግራለች።

ከዚያ ለባለቤቷ ሁለቱን መስታወቶች እያሳየሁ፣ ሹራቡን ጭምር ጠቅሼ አስረዳኋት። ያልሰማች መስላ ቆመች። በመጨረሻ «እኔ ያየሁትን አይቻለሁ» አለች፣ ድምጿ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም። አይተዋል አልኳት፤ ዓይንዎ ልክ ነበር፣ የተሳሳተው ከዓይንዎ በኋላ ያለው ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ አሉ። ይጠርጥሩ እንጂ፣ ማን ከለከለዎት? ግን ከሰው ኪስ በፊት ከራስዎ ይጀምሩ።»

ጥቅልል ባዶ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ፣ አንዴ ፊተኛውን አንዴ የኋለኛውን መስታወት ታያለች፣ እጇን ከፍ ዝቅ ታደርጋለች። ለካ መስታወቱ ከተገጠመ ጀምሮ የደንበኞችን ማጅራት ስትከረክም ጎኑ እየተምታታባት ተቸግራለች፤ ዕድሜዬ ገፋ ብላ አዝና ለማንም አልተናገረችም። «እኔስ አረጀሁ ብዬ ነበር» አለች ለራሷ። በዚህ ጊዜ አሳዘነችኝ።

ባለቤቷ መሳቢያውን ከፈተች፣ መቀሱን አወጣችና መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። «በይ ውሰጂ። ነገሩን እንርሳው።»

እህቴ ከበሩ ተነስታ መጣች፤ መቀሱን ግን አልነካችውም።

«በሰው ፊት ነው ሌባ ያሉኝ» አለች። «በሰው ፊት ይመልሱልኝ።»

«ተሳስተን ይሆናል።»

«ይሆናል አይደለም።»

በዚያ ሁሉ ጫጫታ ይሠራ የነበረ አንድ ማድረቂያ በራሱ ጠፋ። ባለቤቷ የጋውኗን ቁልፍ ስትከፍት ስትዘጋ ቆየችና «ተሳስተናል» አለች። ከአፏ እንደ ጥርስ ነው የተነቀለው። እህቴ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

ነገሩ እዚህ ያበቃል ብዬ ጋውኑን ማውለቅ ጀምሬ ነበር። ባለቤቷ ግን «እና ታዲያ ማን ነው?» አለች። ጥያቄው የእሷ ብቻ አይደለም፣ ደንበኛው ሁሉ በልቡ የያዘው ነው። ወዲያው ዓይኖች መዞር ጀመሩ። ከወንበር ወንበር ዞረው፣ ዞረው፣ ጥግ ላይ ካለው መታጠቢያ ጋ ቆሙ። ፀጉር አጣቢዋ እዚያ ናት። ግራጫ ጋውን ለብሳለች፣ ሻሽ አስራለች፣ ቀኝ እጅ አላት። የደንበኛ ራስ ይዛ ነበር፤ ዓይኖቹ ሲያርፉባት እጆቿን ቀስ ብላ ከፀጉሩ አውጥታ የመታጠቢያው ሳህን ውስጥ፣ አረፋው ስር ከተተቻቸው። ያንን አቀማመጥ አውቀዋለሁ። እቤታችን ሶፋ ላይ አይቼዋለሁ።

«ቀኝ ከሆነማ …» አለች ባለቤቷ፣ ወደ መታጠቢያው አንድ እርምጃ እየሄደች።

አፌን ከፍቼ ነበር። እህቴ ቀደመችኝ።

«ለምን?» አለች።

ባለቤቷ ዞር አለች። «ምን ለምን?»

«ለምን እሷ? ቀኝ እጅ እርስዎም አለዎት። ጥቅልልም አላት። ጋውን ያላደረገች ሴትም ጋውን ማድረግ ትችላለች፤ እህቴ አሁን አደረገች አይደል? ማን እንደወሰደው እኔ አላውቅም። እርስዎም አያውቁም። ስለዚህ ማንም ላይ አይሄዱም።»

እህቴ አጣቢዋ ደግ ሴት ናት አላለችም። ጫማዬን አድርጋልኛለች፣ አታደርገውም፣ ፊቷን እዩት አላለችም። ማለት ትችል ነበር፤ እውነትም ነው። ግን ያቺ ሴት እህቴን ባትረዳት ኖሮ፣ ክፉም ብትሆን፣ መልሱ ያው ነበር።

ባለቤቷ ወደ ኋላ ተመለሰችና የጠፋውን ማድረቂያ ቁልፍ ነካካች። እህቴ መቀሷን በግራ እጇ አነሳች፣ ሁለት ጊዜ በአየር ላይ ከፈት ዘጋ አድርጋ አዳመጠችውና ቀጣይ ተረኛ ማን እንደሆነች ጠየቀች። አጣቢዋ እጆቿን ከአረፋው አወጣች። ጀምራ የተወችውን ራስ ማጠብ ቀጠለች።

ቀለበቱ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ታሪኩን የሚሰሙ ሰዎች በመጨረሻ «እንደው ላንቺ ማን ይመስልሻል?» ይሉኛል፤ ሲቆጡኝም አያለሁ፣ ያለ ሌባ የሚያልቅ ታሪክ ሰው አይወድም። አላውቅም እላቸዋለሁ። እህቴም አላውቅም ነው የምትለው። ቤት ውስጥ ግን አሁን ከኔ ብሳ ለሁሉ ነገር «ለምን?» ትላለች፤ እናታችን ሁለት ሆኑብኝ እያለች ጣቶቿን ለቁንጥጫ ታዘጋጃለች።